ሐያት ድንጋይ ተሸክማ የመጣች ዕለት

በሁለት ሺህ ሰማንያ ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ጣቱን የሚቀስር ልጅ አልነበረም። የምትፈልገውን ቤት እንዲያሳይህ ብትጠይቀው በአገጩ ወይም በከንፈሩ ይጠቁምሃል እንጂ ሌባ ጣቱን አያወጣም። የተቀሰረ ጣት ሽጉጥ ይመስላል ተብሎ በትምህርት ቤት ከተከለከለ ቆይቷል። ልጆቹም አመሉን ከትምህርት ቤት ይዘውት ገበያ ወጡ፤ ከገበያም ቤት አስገቡት። አሁን ሽማግሌው እንኳ ለቀስተኛ ሲያስቀምጥ በከንፈሩ ነው የሚጠቁመው።

ለልጆቹ ብርቱካን የሚመጣላቸው ተልጦ ነው። እርሳሳቸው ጫን ሲሉት ይተጣጠፋል። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ላስቲክ ተነጥፎበታል፤ ጠጠር የሚባል ነገር የለበትም፤ ነፋስ ከጦሳ ተራራ አንድ ጭራሮ አምጥቶ ቢጥል እንኳ ልጆቹ ሳይመጡ መጥረጊያው ለቅሞ ይጨርሰዋል። ጠዋት ጠዋት በሩ ፊት ይሰለፉና መዳፋቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ይገባሉ። በሩ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል። «እንደምን አደርሽ ኢማን፣ ግቢ። እንደምን አደርክ ናሆም፣ ግባ።» ድምፁ የደግ አክስት ድምፅ ነው፤ አንዳንድ ሕፃናት እቤታቸው ሆነው እንኳ «በሩ ናፈቀኝ» ይላሉ አሉ።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ ግድ የለም፤ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ያ ትውልድ ልጁን ደብተር አሲዞ ልኮ በቃሬዛ የተቀበለ ትውልድ ነው። ሕጉ የወጣው ከጭካኔ ሳይሆን ልጅ ከማፍቀር ነበር። «ቅንጣት አይታለፍም» ይባላል። ስለት፣ ዱላ፣ ድንጋይ፣ የእነሱ ምስል፣ የእነሱ ዛቻ፣ ሁሉም መሣሪያ ነው። የያዘው ልጅ የስድስት ዓመት ሕፃንም ይሁን ጎረምሳ፣ ለምን ያዝከው ተብሎ አይጠየቅም። እውነት ለመናገር ደግሞ ደሴ ውስጥ በትምህርት ቤት ግቢ የልጅ ደም ካየን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ይኼን ማመስገን ይገባል።

ይህን ሁሉ ከልቡ የሚያምን ሰው ቢፈለግ ከድር ይማም ነበር። ከድር የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነው፤ በሩ አንድ ልጅ ሲይዝ ክሱን በአውራ ጣቱ አሻራ የሚያጸናው እሱ ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። ልጆቹ ሲያልፉ ፊቱን አያዩም፤ አውራ ጣቱን ነው የሚያዩት። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራትም ባላስፈለገ።

ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ልጅ ሳለ የክፍል ጓደኛው በወረወረው ድንጋይ ግራ ዓይኑን አጥቷል። ወርዋሪው በማግስቱ ከአባቱ ጋር ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው መጣ። የጥንት ወግ ነው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አውርድ» እስኪለው ድረስም አያወርድም። የከድር አባት ወዲያው አስወረዱት። ምሳ ቀረበ፤ አብረው በሉ። ከድር ያን ቀን በመጋረጃ ቀዳዳ እያየ ከሆዱ የማይወጣ ነገር ያዘ፤ ድንጋዩ ወረደ፣ የሰይድ ዓይን ግን አልተመለሰም። ካደገ በኋላ «ይቅርታ ያጠፋ ሰው የሚገላገልበት ዘዴ ነው» ይል ነበር። ይቅርታ የማያውቀው በር ሲተከል እጅግ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ረቡዕ ዕለት ያልተለመደ ነገር አልነበረም። አንደኛ ክፍል የምትማረው ሐያት «ሶስና ልምታሽ ብላኛለች» ብላ ጠቆመች። ጥቆማ ያሸልማል። የጠቆመች ልጅ ደረቷ ላይ ወርቃማ ኮከብ ይለጠፍላታል፤ የተጠቆመችው ጸጥታ ክፍል ገብታ ትውላለች። የጸጥታ ክፍል ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ነው፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ድምፅ የሚባል አይሰማበትም። ከድር ሶስናን እጇን ይዞ ወሰዳት። «ኧረ አላልኳትም» አለች። ሁሉም ልጅ እንዲያ ነው የሚለው። ከድር በሩን ዘጋ፤ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ከፈተላት፤ ልብሷ ላይ ሸንታ አገኛት። ቅያሪ አስለበሳትና ወደ ቤቷ ላካት። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚሆን ነገር ስለነበረ ማታ ራቱን ሲበላ ትዝ አላለውም።

ሐሙስ ጠዋት ከተማዋ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነበር። ሰልፉ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ከዳገቱ በታች አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ አለች። መጀመሪያ ጎባጣ መሰለች። ቀረብ ስትል ግን ትከሻዋ ላይ፣ በታጠፈ ሻርፕ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ድንጋይ ታየ፤ ጥቅል ጎመን ያህላል። ከቦርከና ወንዝ ዳር ያነሣችው ነው። በሁለት እጇ ደግፋዋለች፣ አንገቷ ወደ ጎን ተጣሟል፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ሐያት ነበረች።

በሩ ተዘጋ። ውስጥ ያሉት ልጆች እንደተለማመዱት በሆዳቸው ተኙ፤ መምህራኑም ከጎናቸው ተኙ። ከመንገዱ ማዶ ልጆቻቸውን የሸኙ እናቶች ቆመው ቀሩ።

«መሣሪያ» አለ የበሩ የአክስት ድምፅ፣ ሳይቆጣ። «ሐያት፣ ድንጋዩን ጣዪ።»

ሐያት አልጣለችም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከጣለች አንድ ዓመት ትታገዳለች። ካልጣለች አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በአገሪቱ ያለ የትኛውም ትምህርት ቤት በር ስሟን አይጠራም፤ ሐያት ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ክሱ የሚታተመው የመግቢያው ደወል ሲደወል ነው፣ በኃላፊው አውራ ጣት። ኃላፊው ቢያመነታም ለውጥ የለውም። አሻራው ከተሾመበት ቀን ጀምሮ አዲስ አበባ፣ በሮቹን ሁሉ በሚያዘው ማዕከል ዘንድ ተቀምጧል፤ እሱ ዝም ቢል ማዕከሉ በስሙ ያትምለታል።

«ኧረ ጣይው የኔ እናት! ጣይው በሞቴ!» አለች አንዲት ሴት ከማዶ።

ከድር በትንሿ የሠራተኛ በር ወጣ። በሕጉ መሠረት መሣሪያ ወደያዘ ልጅ መቅረብ ስለማይፈቀድ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሐያት፣ ጣዪው።»

«አልችልም ጋሼ።»

«ከብዶሽ ነው? ልቀቂው ብቻ፣ ራሱ ይወድቃል።»

«ከብዶኛል። ግን አይጣልም። አውርጂ የምትለኝ ሶስና ናት።»

ከድር ገባው። ከማንም ቀድሞ ገባው፤ ሲገባውም መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነበር። ያ መጋረጃ፣ ያ ምሳ፣ የአባቱ ቶሎ ብሎ ይቅር ማለት ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

«ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም። አያቴን ድሮ የተጣላ ሰው በምን ነበር የሚታረቀው ብዬ ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። እኔ እንደምሸከም ግን አላወቁም።»

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ሶስና ልምታሽ አላለችኝም።» ድንጋዩ ተንሸራተተባትና መልሳ አደላደለችው። «ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ተራዬን ስለበላችብኝ ነው የዋሸሁት። ኮከቡን አውልቄዋለሁ።»

እጇ ስላልተፈታ በአገጯ ደረቷን አሳየችው። ኮከቡ የነበረበት ቦታ ላይ የሙጫ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ከድር ቀጥሎ የጠየቃትን ለምን እንደጠየቃት እስከ ዛሬ አያውቀውም።

«ትንሽ ድንጋይ አጥተሽ ነው?»

የሰይድን ዓይን ያጠፋው ልጅ ይዞ የመጣት ድንጋይ ሎሚ ታክል ነበር፤ እሷንም አባቱ ከሥር ደግፎለት ነበር።

«ትንሽም ነበረ» አለች ሐያት። «ግን ጥፋቴ ትልቅ ነው።»

ከድር በሥራ ዘመኑ ስንት የልጅ ሰበብ ሰምቷል፤ አላየሁም፣ የኔ አይደለም፣ እሱ ነው የሰጠኝ። ቅጣቷን ራሷ መርጣ፣ መዝና፣ ዳገት ያወጣች ልጅ ግን ገጥማው አታውቅም። ትልልቅ ሰዎች ፍርድ ቤት ቆመው እንዲህ አይናገሩም። ንዴቱ በድንገት እንደመጣው ሁሉ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ ጠፋ፤ በምትኩ አክብሮት ነበር የቀረው። አዎ፣ የሰባት ዓመቷን ልጅ አከበራት።

«ኃላፊ ከድር፣ ደወሉ ተቃርቧል» አለ በሩ።

«ጽኚ፣ አብሽሪ፣ መጣሁ» ብሏት ወደ ውስጥ ሮጠ። ሮጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንደኛ ክፍል ወለሉ በልጆች ጀርባ ተሞልቷል። መምህርቷ የሺመቤትም በመካከላቸው ተኝታለች። ሶስና ከጥግ ናት፤ አፍንጫዋን ወለሉ ላይ ደፍታለች። ከድር የሚያብረቀርቅ ጫማውን ረስቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ሶስና፣ ሐያት ውጭ ቆማለች። ይቅር በይኝ ልትልሽ ነው።»

«ትቁም።»

«ድንጋይ ተሸክማ ነው የመጣችው።»

«ከባድ ነው?»

«ከባድ ነው።»

«ጥሩ» አለች ሶስና ወደ ወለሉ።

ከድር በዕድሜው ሽምግልና ተቀምጦ አያውቅም፤ ሲሸመገል ግን አይቷል። «በእግዜር ይዤሻለሁ» አላት። «እምቢ» አለች። «በእመቤቴ ይዤሻለሁ» አላት፤ የይማም ልጅ በእመቤቴ ሲለምን ብትሰማ የሺመቤት ከተኛችበት ቀና ብላ አየችው። ወሎ ውስጥ ይህ እንኳ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከድር መለመኑ ነበር።

«እምቢ። ንዴቴ አልወጣልኝም።» ሶስና ፊቷን አዞረች፤ የወለሉ መስመር ጉንጯ ላይ ታትሟል። «እዚያ ክፍል ውስጥ ብጮህ ብጮህ ለራሴ እንኳ አይሰማኝም ነበር።»

ከድር ጸጥታ ክፍልን ከተሠራ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ገብቶ በሩ ተዘግቶበት ግን አያውቅም።

«እውነትሽን ነው» አላት በመጨረሻ። «ይቅር በይ ብዬ አላስገድድሽም። ያለውን ግን ልንገርሽ። አውርጂ ካልሻት አንድ ዓመት ነው የምትቀጣው። ካላልሻት አታወርደውም፤ ካላወረደችው ደግሞ ትልቅ ልጅ እስክትሆን ድረስ የትም አትማርም። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ሶስና ተነሣች፤ መሣሪያ ደጅ ቆሞ ሳለ ከወለሉ የተነሣ ልጅ በዚያ ትምህርት ቤት ታይቶ አይታወቅም። «ራሴ ልያት» አለች።

በትንሿ በር ወጡ። ሐያት እዚያው ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ ደምታለች። የማዶዎቹ እናቶች አሁን አይጮሁም። ሶስና ፊት ለፊቷ ቆመችና እጇን አጣጥፋ ተመለከተቻት።

«ሶስና፣ ዋሽቼብሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ኮከብሽስ?»

«አወለቅሁት።»

«ሁለተኛ ትዋሺብኛለሽ?»

«አልዋሽም። ወላሂ።»

ሶስና አሰበች። ልጅ ሲያስብ ሰዓት የለውም።

«ተራሽን በልቼብሻለሁ፤ እሱ እውነት ነው» አለች። «ግን መዋሸት አልነበረብሽም። በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። አውርጂው።»

ሐያት ልታወርደው ሞከረች፤ አልቻለችም። ክንዶቿ ደርቀው እምቢ አሏት፤ ድንጋዩም በጀርባዋ በኩል ሊንከባለል አዘመመ። ያኔ ሶስና ዘላ ከሥሩ ያዘችው። ሁለቱ ሕፃናት ድንጋዩን በሆዳቸው መካከል አቅፈው ወዲያ ወዲህ ተንገዳገዱ።

«መሣሪያ» አለ በሩ። «ሶስና፣ ሁለተኛ ተከሳሽ። ድንጋዩን ጣሉ።»

«እግራችን ላይ ይወድቃል!» አለች ሶስና፣ ለበሩ።

በሩ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ እሱም አይጠይቅም። ደወሉ ሊደወል ትንፋሽ ነው የቀረው። ከድር ያን ጊዜ ገባው፤ ሐያት በደለች ተብላ ሳይሆን ይቅርታ ስለጠየቀች ልትቀጣ ነው፤ ሶስና ደግሞ ይቅር ስላለች። ይህን የሚያትመውም የእሱ ጣት ነው። ዝም ቢል በስሙ ይታተማል። ቢከራከር ማዕከሉ የሚሰማው ከታተመ በኋላ ነው። ሕጉን ግን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረምና አንድ የተረሳ አንቀጽ ትዝ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ኃላፊዎች በጠሉት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ስለት ሲከቱ ተይዘው ነበርና፣ መሣሪያ የነካ እጅ አያትምም ተብሎ ተደንግጓል። ያ እጅ መሣሪያ በነካበት ቅጽበት ማዕከሉ ያለው አሻራውም ይሰረዛል። አሻራ ሳይኖር ደወሉ የደረሰበት ክስ ይወድቃል፤ ዳግመኛም አይነሣም። እጁን የነከረው ኃላፊ ደግሞ ለዘለዓለም ይሻራል።

ከድር ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደና ድንጋዩን ከልጆቹ እጅ ተቀበለ።

ከጠበቀው በላይ ከበደ። «ይህን ይዛ ነው ያን ዳገት የወጣችው?» ብሎ ተገረመ።

በሩ «ከድር ይማም፣ መሣሪያ» አለ። ኃላፊ የሚለው ቃል ቀርቷል። ደወሉም ተደወለ።

«ክስ የለም» አለ በሩ በዚያው በደግ ድምፁ። «እንደምን አደርሽ ሐያት፣ ግቢ። እንደምን አደርሽ ሶስና፣ ግቢ።»

ከማዶ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ውስጥ ልጆቹ ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሡ። ሐያት መዳፎቿን ዘረጋች፤ ቀልተዋል፣ ተፍቀዋል፣ ግን ባዶ ናቸው፤ በሩም ተከፈተላት። ከድር ድንጋዩን ደረቱ ላይ አቅፎ ውጭ ቆመ። ኃላፊነቱ፣ ቢሮው፣ ስሙ፣ ሁሉም በአንድ ደወል አልፎ ነበር። የሚጸጽት ነገር ፈልጎ በሆዱ ውስጥ ዳበሰ፤ አላገኘም።

ሐያት ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመችና ዞራ አየችው። ከአያቷ የተማረችው ወግ አንድ ነገር ብቻ ይላታል፤ ድንጋይ የያዘ ሰው የበደለው ሰው አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ማንን ነው የበደሉት?»

ከድር አፉን ከፈተ። ያተመባቸው ልጆች ብዙ ነበሩና ከማን እንደሚጀምር ጠፋው።

«እኔን ነው» አለች ሶስና።

ከድር አያት። ከዚያ ጎንበስ አለና ድንጋዩን ወደ ትከሻው አወጣው።

«እሷን ነው» አለ። «አላልኳትም ስትይኝ አልሰማሁሽም። በር ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ ሶስና።»

ሶስና ከጫማው እስከ ትከሻው በዓይኗ ለካችው። ንዴቷ ይወጣላት እንደሆነ ሆዷን የጠየቀች ትመስል ነበር።

«እስኪ ትንሽ ይሸከሙት» አለች። «እኔ ትምህርት እንዳያመልጠኝ ልግባ። ማታ ስወጣ አወርድልዎታለሁ።»

ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ከድር እግሩን አደላድሎ ቆመ።